ጸጥታ የሰፈነበት ባሕር

የዚህን አገር ስም አትጠይቁኝ። ታሪኩን የሰማሁት ከእናቴ ወንድም ነው፤ እሱም ሲነግረኝ ስሙን ዘሎታል። በባሕር ጠረፍ የሚገኝ፣ ሕዝቡ ከውሃ ሥር ሉል እያወጣ ለንጉሡ የሚገብር አገር ነበር ልበላችሁና ልቀጥል።

በዚያ አገር ጠላቂ ብቻውን አይጠልቅም። እሱ ወደ ታች ሲወርድ ጀልባው ላይ ሁለት ድንጋይ የያዘ ሰው ይቀመጣል። ከላይ አደጋ ሲመጣ ይህ ሰው ድንጋዮቹን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሦስት ጊዜ ያጋጫቸዋል። ድምፅ በውሃ ውስጥ ርቆ ይሄዳልና ጠላቂው ይሰማል። ሲሰማም በፈለገበት አይወጣም፤ ከጀልባው የተንጠለጠለውን ገመድ ይዞ ከጥጓ ብቅ ይላል። ድንጋይ መቺው ባዕድ እንዲሆን ሕጉ አይፈቅድም። ሚስት፣ እናት ወይም ወንድም መሆን አለበት። ጠላቂው ቢሞት የሚያዝን ሰው እጁ አይሰንፍም ተብሎ ነው።

ባሕሩን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤትም ነበረ። ጸጥታ ቤት ይባላል፤ አለቃው ሊቀ ጸጥታ ይባላሉ። በዓመት አንድ ቀን፣ ነፋሱ በሚያርፍበት ወር፣ የጸጥታ ቤቱ አድማጭ ባሕሩን ይለካል። ቀዩ አለት በሚባለው ቦታ አንድ ሰው ውሃ ውስጥ ድንጋይ ያጋጫል። አድማጩ በጀልባ እየራቀ፣ ጫፉ በስስ ቆዳ የተለበጠ ረጅም ሸንበቆ ወደ ውሃው ይነክርና ጆሮውን ይደግንበታል። ድንጋዩ መሰማቱን ሲያቆም ጀልባው ይቆማል። ከአለቱ እስከዚያ ያለው ርቀት በየሃያ ክንዱ በተቋጠረ ገመድ ይለካል። ቋጠሮው ከበዛ ባሕሩ ጸጥ ብሏል ማለት ነው። ካነሰ ባሕሩ ይጮኻል። ቁጥሩ በብራና ላይ ይጻፍና አዋጅ ነጋሪው አደባባይ ወጥቶ “በባሕራችን ጸጥታ ሰፍኗል” ይላል። ሕዝቡ እጅ ነሥቶ ይበተናል።

ሥራው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነበርና አስካለ የምትባል ሴት ከአባቷ ተቀበለችው። አባቷ በሠሩበት ዘመን ቁጥሩ መቶ ሁለት ነበር። በዚያ ጊዜ ሸንበቆው ላይ ጆሮውን ያደረገ ሰው ጨው እሳት ውስጥ ሲንጣጣ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፤ ትናንሽ የባሕር ፍጥረታት ናቸው። ከዚያ ባሻገር፣ ከሩቅ፣ ዓሣ ነባሪዎች ግልገሎቻቸውን ሲጠሩ ይሰማል። አስካለ በልጅነቷ አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ሰምታዋለች።

ከዚያ የብረት መርከቦች መጡ። ንጉሡ መጀመሪያ አንድ አስመጡ፤ ጨው ትጭናለች ተባለ። በሁለተኛው ዓመት ሦስት ሆኑ። ከዚያ በኋላ ማን ይቆጥራል? ሲያልፉ ከላይ የሚታየው ጭሳቸው ብቻ ነው። ከታች ግን ባሕሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያጉረመርማል፤ አንዷ ካለፈች በኋላም ድምፁ ሳይጠፋ ሌላዋ ትደርሳለች።

ሊቀ ጸጥታው አጥናፉ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም ይባላል፤ ሥርዓት ይወዱ ነበር። ወደ ጠረፉ ሲወርዱ አጃቢዎቻቸው እግራቸውን በሱፍ ጠቅልለው ይራመዳሉ። እሳቸውም የሚሰሙት ነገር ፍርዳቸውን እንዳያዛባው በሁለቱም ጆሯቸው ጥጥ ይወትፋሉ። የዘንድሮ ባሕር የሚመዘነው ከአምና ባሕር ጋር ብቻ እንዲሆን የደነገጉት እሳቸው ናቸው። ልዩነቱ ከሦስት ቋጠሮ ካነሰ “አልተለወጠም” ተብሎ ይጻፋል። ብራና ውድ ነውና ከአምና በፊት የተጻፈው ይፋቃል። ባሕሩ ይጮኻል ብሎ በአደባባይ የተናገረ ሰው ደግሞ ጸጥታ በማደፍረስ ይከሰሳል።

አስካለ ሥራ በጀመረች በአምስተኛው ዓመት ሄዳ ተናግራለች።

“ጌታዬ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ቋጠሮ ጠፍቷል” አለቻቸው።

ሊቀ ጸጥታው አንዱን ጥጥ አወጡ። “በየትኛው ዓመት ነው የጠፋው?”

“በሁሉም። በየዓመቱ ሁለት፣ ሁለት ተኩል።”

“ሦስት የጠፋበት ዓመት አለ?”

“የለም ጌታዬ።”

“እንግዲያው በየትኛውም ዓመት አልጠፋም” አሉና ጥጡን መለሱ።

አስካለ ባሏ ሞቶባት ይርጋ የሚባል አንድ ልጅ ታሳድግ ነበር። ቤቱም እህሉም ከጸጥታ ቤት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ አልተናገረችም። አሥራ ስምንት ጊዜ “አልተለወጠም” ብላ ጻፈች፤ ያረጁትን ቁጥሮች በገዛ እጇ ፋቀች።

ይርጋ አድጎ ጠላቂ ሆነ። ረጅም ትንፋሽ ያለው፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ማስተዋል የምትባል የጀልባ ሠሪ ልጅ አገባ፤ ድንጋዩን የምትይዝለትም እሷ ሆነች። ሦስት ዓመት አብረው ወጡ።

በአራተኛው ዓመት፣ ጥርት ባለ ጠዋት፣ ይርጋ ወርዶ ሳለ አንዲት የብረት መርከብ ከመንገዷ ወጥታ ወደ እነሱ መጣች። ማስተዋል አየቻትና ድንጋዮቹን ውሃ ውስጥ ከታ መታች። ሦስት ጊዜ መታች፤ ደግማ ሦስት፤ ከዚያ መቁጠሩን ትታ መዳፏ እስኪቀደድ መታች። ይርጋ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ራቅ ብሎ፣ መርከቧ ፊት ለፊት ወጣ። እጁን እንኳ ለማንሣት ጊዜ አላገኘም። መርከቧ አልቆመችም። ሬሳውን በማግሥቱ ጠላቂዎቹ አወጡት።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን፣ እንግዳው ቀለል ሲል፣ ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ማስተዋል በጨርቅ የታሰረ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

“እማማ፣ መትቻለሁ” አለች።

“አውቃለሁ።”

“እንዴት ያውቃሉ? እዚያ አልነበሩም።”

አስካለ “ባሕሩ እንደ ድሮው አይደለም” አለች። “ድሮ ድንጋዩ መቶ ቋጠሮ ይሄድ ነበር፤ አሁን ሃምሳ አራት ነው። መርከቢቱ ስትቀርብማ ዐሥርም አይሄድ። በየዓመቱ እየለካሁ አይቼዋለሁ። አልተለወጠም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።”

ማስተዋል ዐይኗን ከመሬት አነሣች። “ይርጋ ያውቅ ነበር?”

“አልነገርኩትም።”

“ለምን?”

“ከነገርኩት አይወርድም ብዬ አይደለም፤ ይወርድ ነበር። የጻፍኩትን ያውቅብኛል ብዬ ነው።”

ማስተዋል አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ተነሥታ ምንጣፏን ጠቀለለችና ከቤቱ ሌላ ጥግ ወስዳ ዘረጋችው። እስከ ሰባተኛው ቀን አልተነጋገሩም።

በሰባተኛው ቀን የጸጥታ ቤት መልእክተኛ መጣ። ማስተዋል ተከሳለች። የሕጉ አካሄድ እንዲህ ነበር፤ ባሕሩ ካልተለወጠ የተመታ ድንጋይ ይሰማል፤ ጠላቂው ካልሰማ ድንጋዩ አልተመታም። ድንጋይ ያልመታ ሰው ደግሞ ከባሕር ሦስት ቀን ወደሚርቀው የጨው ሜዳ ይጋዛል፤ ዕድሜ ልኩን ባሕር አያይም።

ችሎቱ በጠረፉ ላይ ዋለ። ዳኛው ከደጋ የመጡ፣ ጢማቸው የረዘመ ሽማግሌ ነበሩ፤ በሕይወታቸው ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። ጠላቂዎቹ በሙሉ ከነቤተሰባቸው አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀ ጸጥታው ብራናውን ዘርግተው አነበቡ።

“ዘንድሮ፣ አልተለወጠም። አምና፣ አልተለወጠም። ከዚያ በፊት ያሉት ተፍቀዋል፤ ሁሉም ግን አልተለወጠም ይሉ እንደነበር ነጋሪው ምስክር ነው። የጻፈችውም የሟቹ እናት ናት። ለልጇ ከእሷ የበለጠ የሚያዳላ የለም።”

ዳኛው ወደ አስካለ ዞሩ። “ጽሕፈቱ ያንቺ ነው?”

“የእኔ ነው።”

“እውነት ነው?”

አስካለ ተነሣች። “እያንዳንዱ ዓመት ለብቻው ሲነበብ እውነት ነው” አለች። “ሁሉም አንድ ላይ ሲነበቡ ግን ውሸት ናቸው። ሥራ ስጀምር ዘጠና ስድስት ነበር፤ አሁን ሃምሳ አራት ነው። እያወቅሁ ጻፍኩ፣ እያወቅሁ ፋቅሁ። ይህቺ ልጅ መትታለች። ልጄ ሊሰማት አይችልም ነበር።”

ሊቀ ጸጥታው ጥጣቸውን ሳያወጡ፣ የተነገረውን ከጸሐፊያቸው በምልክት ተረድተው መለሱ። “ዓመታትን መደመር የሚፈቅድ ሕግ የለንም። ተፍቋል የምትለውም አይታይም። ሐዘን የጎዳት ሴት ናት።”

ዳኛው ወደ ተከሳሿ ዞረው “የምትጠሪው ምስክር አለሽ?” አሉ።

በዚያ አገር ሕግ ተከሳሽ ሰው ብቻ ሳይሆን ቦታም ምስክር አድርጎ መጥራት ይችላል። በድንበር ክርክር ዳኛው መሬቱ ድረስ ይሄዳሉ። ባሕርን የጠራ ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም።

“ባሕሩን እጠራለሁ” አለች ማስተዋል።

ሰዉ አጉረመረመ። ሊቀ ጸጥታው ባሕር ምስክር የሚሆንበት ሥርዓት እንደሌለ ሊያስረዱ ጀመሩ። ያን ጊዜ አባ ዘለቀ ተነሡ። አባ ዘለቀ ከጠላቂዎቹ ሁሉ የሸመገሉ፣ መጥለቅ ከጀመሩ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው።

“ጌታዬ ዳኛ” አሉ፣ “እኛ ዘንድ አዲስ ጠላቂ ከመውረዱ በፊት አንድ ነገር ይደረግለታል። ከቀዩ አለት ላይ ድንጋይ እየተመታ እሱ በጀልባ ይርቃል። ጭንቅላቱን ነክሮ መስማት ያቆመበትን ቦታ በየብስ ምልክት፣ በኮረብታና በዛፍ፣ ይይዘዋል። ከዚያ አልፎ አይሠራም። ያን ቦታ እስኪሞት አይረሳውም። ብራናው ቢፋቅም እኛ አለን። እያንዳንዳችን በየቦታችን እንቁም፤ ያን ጊዜ ባሕሩ ይናገራል።”

ዳኛው ፈቀዱ።

ሃያ ሦስት ጀልባ ወጣ። ማስተዋል ቀዩ አለት ላይ ወጥታ ድንጋዮቿን ያዘች። ዳኛውና ሊቀ ጸጥታው በአንድ ሰፊ ጀልባ ከአጠገቧ ሆኑ። ከሦስት ዓመት ወዲህ የጀመሩት ልጆች ብዙም ሳይርቁ ቆሙ። ዐሥር ዓመት የጠለቁት አልፈዋቸው ሄዱ። ሃያ ዓመት የጠለቁት ከእነሱ አለፉ። አባ ዘለቀ ግን ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉ፤ ሰዉ የሚቆሙም አልመሰለው። በመጨረሻ ጀልባቸው ውሃ ላይ ያረፈች ወፍ ሲያህል ቆሙ። ከአለቱ እስከ አባ ዘለቀ የተዘረጋው የጀልባ ሰልፍ በዕድሜ የተሰደረ ነበር። ሲያዩት ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

“መርከቦቹ እንደ ወትሮው ናቸው?” አሉ ዳኛው።

“እንደ ወትሮው” አሉ ሊቀ ጸጥታው፣ የጸሐፊያቸውን ምልክት አይተው። ከአድማሱ ላይ ሁለት ጭስ ይታያል።

ድንጋዩን የሰማ ሁሉ መቅዘፊያውን እንዲያነሣ ታዘዘ። ማስተዋል የቆሰለ እጇን ውሃ ውስጥ ከታ መታች። በአቅራቢያው ካሉት አምስት ጀልባዎች መቅዘፊያ ተነሣ። ከስድስተኛው ጀምሮ ምንም የለም። ደግማ መታች። አምስቱ ተነሡ፤ ሌሎቹ ጭንቅላታቸውን ነክረው እንዳጎነበሱ ቀሩ።

“ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጆሯቸው ደክሟል” አሉ ሊቀ ጸጥታው።

“እንግዲያው ወጣቶቹን አባ ዘለቀ ቦታ አቁሙ” አሉ ዳኛው።

ወጣቶቹ ቀዝፈው ሄዱ። ማስተዋል መታች። ከሩቁ ቦታ አንድም መቅዘፊያ አልተነሣም።

ከዚያ ዳኛው ራሳቸውን ወደ ዐሥረኛው ጀልባ አስወሰዱ። ልብሳቸውን ሰብስበው በሁለት ሰው ተደግፈው ጎንበስ አሉና ጭንቅላታቸውን እስከ አንገታቸው ውሃ ውስጥ ከተቱ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ውሃው ከጢማቸው ይወርድ ነበር። ከዚያ የያዛቸውን ጠላቂ “እዚህ ውስጥ ነው የምትሠሩት?” አሉት።

“አዎ ጌታዬ።”

“በየቀኑ?”

“በየቀኑ።”

ፍርዱ ያን ቀን ተሰጠ። ማስተዋል ነፃ ወጣች፤ እጅ መትቷል፣ ጆሮ መስማት አልቻለም ተባለ። ከእንግዲህም ብራና እንዳይፋቅ ታዘዘ። ሊቀ ጸጥታው ሥርዓቱን ጠብቀው ስለሠሩ አልተጠየቁም። መርከቦቹም አልቆሙም፤ የንጉሡ ናቸውና ዳኛው ሥልጣን አልነበራቸውም። አስካለ ግን ያወቀችውን ስለመደበቋ በገዛ አፏ መስክራለችና፣ ለማስተዋል ተዘጋጅቶ የነበረው የጨው ሜዳ ለእሷ ሆነ። አልተከራከረችም። ጠላቂዎቹ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ የሚቀጥለው አድማጭ ማስተዋል እንድትሆን። ሊቀ ጸጥታው በአደባባይ እምቢ ማለት ከበዳቸው።

የጨው ሜዳ ነጭና ጠፍጣፋ ነው። ዛፍ የለም፣ ወፍ የለም። አስካለ ከሌሎቹ ግዞተኞች ጋር ጨው ስትፈልጥ አንድ ዓመት አለፈ። ማስተዋል አልመጣችም። በሁለተኛው ዓመት፣ ከልኬታው በኋላ፣ በግመል መጣች። አጠገቧ ተቀምጣ ጨዉን እያየች “ሃምሳ ሁለት” አለች። አስካለ ራሷን ነቀነቀች። በሦስተኛው ዓመትም መጣች፤ “ሃምሳ” አለች። ያን ጊዜ ስንቅ ይዛላት ነበር፤ አብረው በሉ።

በአራተኛው ዓመት፣ ባሕሩ በሚለካበት ወር፣ ንጉሡ ሞቱ። በዚያ አገር ንጉሥ ሲሞት አርባ ቀን ማንኛውም የንጉሥ ነገር አይንቀሳቀስም። ፈረሶቻቸው ከጋጣ አይወጡም፣ ነጋሪታቸው አይመታም። መርከቦቹም የንጉሡ ነበሩና እሳታቸው ጠፍቶ ወደባቸው ላይ ተደረደሩ። የጨው ሜዳ ዘበኞችም ለለቅሶ ወደ ከተማ ገቡ።

በዐሥረኛው ቀን ማስተዋል ግመል ላይ ሆና መጣች።

“እማማ፣ ይነሡ” አለች። “አንድ ነገር ሰማሁ፤ ምን እንደሆነ አላወቅሁትም።”

ሦስት ቀን ተጓዙ። ጠረፉ ሲደርሱ ማንም አልከለከላቸውም። አባ ዘለቀ ራሳቸው ቀዘፉላቸው። ድንጋዩ ቀዩ አለት ላይ ይመታል፤ ጀልባዋ ሃምሳ ቋጠሮ አለፈች፣ ስድሳ፣ ሰባ። ማስተዋል በየመሀሉ ሸንበቆዋን እየነከረች “አሁንም አለ” ትላለች። ዘጠና ስምንት ላይ ድንጋዩ ጠፋ። ድንጋዩ ቢጠፋም ማስተዋል ከሸንበቆው ጆሮዋን አላነሣችም። ከዚያ ቀና ብላ ለአስካለ ዘረጋችላት።

አስካለ ሸንበቆውን በእጇ ዳሰሰችው። አልወሰደችውም።

“አንቺ ስሚ” አለች። “እኔ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። የምትሰሚውን ንገሪኝ፤ ስሙን እነግርሻለሁ።”

ማስተዋል እንደገና ጎንበስ አለች። “የሚንጣጣ ነገር አለ፤ በየቦታው።”

“እሱ የታች ነዋሪዎቹ ናቸው። ባሕሩ ሲደላው እንዲህ ይላል።”

“ከሩቅ ደግሞ የሆነ ነገር … ይጎትታል። ወደ ላይ ይወጣና ይወርዳል። ሲያቆም ከሌላ በኩል ሌላ ይመልስለታል።”

አባ ዘለቀ መቅዘፊያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን አዞሩ። ይርጋ ተወልዶ እስኪሞት ያልሰማው ድምፅ ነበር።

“እናቶቹ ናቸው፣ ግልገል የሚጠሩት” አለች አስካለ በመጨረሻ። “መጥተዋል።”

ከዚያ በኋላ ሁለቱም አለቀሱ። ያን ቀን አንዳቸው የሌላዋን እጅ ይዘው ወደ የብስ እንደተመለሱ የእናቴ ወንድም ይናገር ነበር።

ማስተዋል ዘጠና ስምንት ብላ ጻፈች። ሊቀ ጸጥታው ቁጥሩ ሲቀርብላቸው ተቸገሩ። አምና ሃምሳ ነው፤ ልዩነቱ ከሦስት በላይ ነው፤ በራሳቸው ሕግ “ተለውጧል” ተብሎ መነገር አለበት። ሦስት ቀን ከጸሐፊዎቻቸው ጋር ዘግተው መከሩ። ሥርዓት ይወዱ ነበርና በአራተኛው ቀን ነጋሪው አደባባይ ወጥቶ፣ በዚያ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ፣ “ባሕሩ ተለውጧል” አለ። ሕዝቡ እጅ መንሣቱን ረስቶ ቆሞ ቀረ።

“መርከቦቹ ስለሚመለሱ ለከርሞ ሃምሳ ወይም ከዚያ በታች ነው የምጽፈው” አለች ማስተዋል ለአማቷ። “ያን ጊዜም ተለውጧል ማለታቸው ግድ ነው። ያን ጊዜ ሰዉ ከየት ወዴት ብሎ ይጠይቃል።”

“ዘጠና ስምንቱን ጠብቂው” አለች አስካለ። “በምንም ምክንያት እንዳታስነኪው።”

አስካለ ሃያ ስድስት ቀን በልጇ ቤት ተቀመጠች። ጠዋት ጠዋት ከማስተዋል ጋር በጀልባ ትወጣለች። ሸንበቆውን የምትወስድበት ቀን ነበር፣ የማትወስድበትም ቀን ነበር። በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ስንቋን ቋጥራ ተነሣች። ጠላቂዎቹ እንደብቅሻለን አሏት፤ ማስተዋልም ለመነቻት። ዘበኞቹም ገና አልተመለሱም ነበር።

“መርከቦቹ ሲነሡ እዚህ መሆን አልፈልግም” አለች። “ይህን ይዤ ልሂድ።”

ማስተዋል መንገዱ እስከሚታጠፍበት ሸኘቻትና ግመሉ ከዐይኗ እስኪሰወር ቆመች። ከዚያ ፈጠን ብላ ወደ ባሕሩ ተመለሰች። አንድ ቀን ቀርቷት ነበር።